የመጀመሪያ ልጄ 2.3 ኪሎ ነበር፤ ለሁለተኛው ዚንክ ልውሰድ?

የሚኪ እናት (ጠያቂ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም እህቶች። የ24 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ 2.3 ኪሎ ነበር። አሁን ደህና ነው፣ ቤቱን እያተራመሰው ነው፤ የዚያን ጊዜውን ጭንቀት ግን መድገም አልፈልግም። በመጨረሻው ክትትል ሄሞግሎቢንሽ 10.8 ነው፣ ትንሽ ደም ማነስ አለ ብለው አይረን (የብረት ኪኒን) ሰጥተውኛል። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ልጅ የሚከሳው ማዕድን ሲያንስ ነው" ብላ ባለ 50 ሚሊግራም ዚንክ፣ የነፍሰ ጡር መልቲቫይታሚን እና ሮዝ የሂማላያ ጨው ላከችልኝ። አማቴ በበኩላቸው "ኪኒን ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጡ ይጠናብሻል" ብለው አይረኑንም እንዳልውጥ ይመክሩኛል። ሁዳዴም እየመጣ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ልውሰድ ወይስ የቱን ልተው?

ሲስተር ከደሴ

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እመቤት። አዋላጅ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ፦ ሚኪ የተወለደው በስንት ሳምንቱ ነው?

የሚኪ እናት

በ36። ምጡ ድንገት ነው የመጣብኝ። አሁን ዓመት ከስምንት ወሩ ነው።

ሲስተር ከደሴ

እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሕፃን ሁሉ ክብደቱ ያነሰ ይባላል። ግን አንዱ ወሩን ሳይጨርስ ስለመጣ ነው የሚያንሰው፤ ሌላው ዘጠኝ ወር ሙሉ ተቀምጦም ሳያድግ ይቀራል። ለ36 ሳምንት ልጅ 2.3 ኪሎ የሚያስደነግጥ አይደለም። በ40 ሳምንት ቢሆን ኖሮ እኔም እደነግጥ ነበር። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ለምን ቸኩሎ እንደመጣ ነው።

ለዚህ በቅድሚያ የሚታዩት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ የማሕፀን በር ማጠር፣ ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ወባ ናቸው። የእርግዝና መቀራረብም አለበት፤ ከወለድሽ በኋላ እንደገና እስክታረግዢ ቢያንስ 2 ዓመት ነው የሚመከረው፣ አንቺ ደግሞ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ላይ ነው ያረገዝሽው። የሆነው ሆኗል፤ ሰውነትሽ ያለፈውን ሳይተካ መጀመሩን ግን ክትትል የሚያደርግልሽ ባለሙያ ይወቀው። "ያለ ወሩ ነው የወለድኩት" በዪው። ብዙ እናት "ትንሽዬ ነበር" ብላ ታልፈዋለች፣ ካርዱም ላይ እንዲያው ይጻፋል። ሽንትሽን ያስመርምሩሽ። የክንድሽን ዙሪያም ያስለኩሽ፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከማዕድኑ በፊት የምግቡ ብዛት ነው የሚያሳስበኝ።

የአማትሽን ምክር እዚህም በየቀኑ እሰማዋለሁ። አይረን ልጅ አያገዝፍም። "ስወልድ ደም ቢፈሰኝ እንድቋቋም ነው" ብለሽ ንገሪያቸው። በእሳቸው ዘመን በወሊድ ደም ፈሷት ያለፈች ሴት ያላወቀ የለም፤ በዚያ በኩል ቶሎ ይገባቸዋል።

ባለፋርማሲው

ዚንኩን ተይው። ለነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልገው 11 ሚሊግራም ነው፣ የላይኛው ገደብ 40። ያንቺ ፍሬ ብቻውን ገደቡን አልፏል። ዚንክ ሲበዛ አንጀት መዳብ እንዳይቀበል ያደርጋል፤ መዳብ ሲጎድል ደግሞ ሰውነት ያለውን ብረት ለደም መሥሪያ በደንብ አይጠቀምበትም። ለልጁ ክብደት ብለሽ የጀመርሽው ደም ማነስሽን ሊያባብሰው ይችላል ማለት ነው። ዚንክ ብቻውን ለነፍሰ ጡሮች የተሰጠባቸው ጥናቶች ሲጠቃለሉም በልጆቹ ክብደት ላይ ግልጽ ለውጥ አልታየም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከምርምር ውጭ አይመክረውም።

መልቲቫይታሚን የተለየ ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሊኒየምና አዮዲን ከቫይታሚኖች ጋር በልኩ አብረው ሲሰጡ፣ አይረንና ፎሊክ አሲድ ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ሕፃናት በ12 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ብዙ አይደለም፣ ግን እውነተኛ ልዩነት ነው። በመልቲቫይታሚኑ ውስጥ ያለው ብረት ግን 30 ሚሊግራም ያህል ስለሆነ ደም ማነስ ላለባት አይበቃም፤ የጤና ጣቢያውን አይረን ተካልኝ ብለሽ እንዳታቆሚ። የአይረኑ ፍሬ ላይ 300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት የሚል ብታዪም አትደንግጪ፤ በውስጡ ያለው ብረት 60 ሚሊግራም ገደማ ነው።

የመልቲቫይታሚኑን ጀርባ አንብቢልኝ፤ በተለይ ቫይታሚን ኤውን።

የሚኪ እናት

ብረት 27፣ ዚንክ 11፣ አዮዲን 150 ማይክሮግራም ይላል። ቫይታሚን ኤው ቤታ ካሮቲን ነው።

ባለፋርማሲው

ጥሩ ነው። ሬቲኖል የሚባለው፣ ሲበዛ ፅንስ የሚጎዳው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በብዛት ያለበት ቢሆን ኖሮ መልሺው እልሽ ነበር። መልቲቫይታሚኑንና አይረኑን አብረሽ መውሰድሽን ግን ለሐኪምሽ አሳዪ፤ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው።

ማርታ ከቨርጂኒያ

እኔ በሁለተኛው እርግዝናዬ በራሴ ገንዘብ የደም ዚንክ ተመርምሬ "ዝቅተኛ" የሚል ወረቀት ይዤ ሐኪሜ ዘንድ ሮጥኩ። ሳቀችብኝ ማለት ይቻላል። በእርግዝና የደሙ ውሃ ስለሚጨምር ዚንኩ ቀጥኖ ይታያል፣ መዳብ ደግሞ በሆርሞኑ ምክንያት ከፍ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው መለኪያ ላላረገዘች ሴት ነው አለችኝ። ስለዚህ ለዚህ ምርመራ ገንዘብ አታውጪ። ካልሲየም ከሰጡሽ ደግሞ ከአይረኑ ጋር በአንድ ሰዓት አትዋጪው።

የሥነ ምግብ መምህር

ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ስለ 10.8ቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ የሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ውጤቱ ላይ 1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ተቀንሶ ነው የሚነበበው። ያንቺ 10.8 ቆላ ላለች ሴት ከ10 በታች እንደማለት ነው። "ትንሽ" ብለሽ አትናቂው። ብርቱ ደም ማነስ ያለ ወሩ መውለድንም የልጅ ክብደት ማነስንም ሊያመጣ ይችላል፤ ካንቺ ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ማዕድን ይሄ ብረት ነው።

ሁለተኛው የቤት ነገር ነው። "ጤፍ ብረት አለው" እየተባለ ብዙዎች ይዘናጋሉ። ከሚቆጠረው ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፣ ሰውነት አይጠቀምበትም። የእህሉን የራሱን ብረትና ዚንክ ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ነው የሚላላው። ስለዚህ እንጀራሽ በደንብ የቦካ ይሁን። ምስርና ሽሮ ስትበዪ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አይለይሽ። ከምሳ ቀጥሎ የሚፈላው ቡና ግን የበላሽውን ብረት ያስቀርብሻል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፣ ሻይም እንደዚያው። ቶናውንና በረካውን ባትጠጪ ይሻላል፤ ቡና መብዛቱ በራሱ ከልጅ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። ሥጋ ከበላሽ ቀዩ ሥጋ ጥሩ ነው፣ ግን የበሰለ። ጥሬ ዱለት እስክትወልጂ ይቆይሽ።

ሁዳዴን በተመለከተ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ነፍሰ ጡር እንዳትጾም ይፈቅዳሉ፣ ብዙ ሴት ግን ሳትጠይቅ ነው ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የምትቆየው።

ሮዙን ጨው ለጌጥ አስቀምጪው። አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ እንቅርት የሚበዛበት አገር ነን። አዮዲን ያለበት የሚለውን የታሸገ ጨው ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

የሚኪ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ያለ ወሩ መውለዴን ነገርኳቸው። ሽንቴ ላይ ኢንፌክሽን ተገኝቶ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ እኔ ግን ምንም ሕመም አልተሰማኝም ነበር። ክንዴ 24 ሆነ። ዚንኩን ትቻለሁ። አይረኑ ግን ያቅለሸልሸኛል፣ ሰገራዬም ጥቁር ሆኗል፤ ልቀጥል?

ሲስተር ከደሴ

አየሽ፣ በእርግዝና የሽንት ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ሳያም ነው የሚቀመጠው። መድኃኒቱን ቢሻልሽም ጨርሺ፣ ከዚያም ሽንትሽ በድጋሚ ይታይ።

ባለፋርማሲው

የሰገራው መጥቆር ከብረቱ ነው፣ ችግር የለውም። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ግን ወዲያው ሂጂ። ለማቅለሽለሹ ማታ ልትተኚ ስትይ፣ ትንሽ ነገር ቀምሰሽ ዋጪው። ወተት ግን አይሁን። ካልቻልሽ አታቁሚ፤ ሌላ ዓይነት አይረን እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ።