ሐዋሳ ማታ ማታ ምን አለ?

ጠያቂ፣ ከናሽቪል

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ጠቅልለን ሐዋሳ ልንገባ ሁለት ወር ቀርቶናል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብዙ መክራችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዛሬው ጥያቄዬ ቅንጦት ይመስላል። እዚህ በወር አንድ ቀን ልጆቹን ለእህቴ እንተውና ዘፈን የሚደርሱት ሰዎች ራሳቸው ወደሚዘፍኑበት ቤት እንሄዳለን። ሐዋሳ ላይ ከሆቴል ባንድና ከዲጄ ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል? ባለቤቴ «ዓሳሽን በልተሽ በ3 ሰዓት ትተኛለሽ» እያለ ያሾፍብኛል።

መላሽ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ዓሳው ላይ አልተሳሳተም፤ እንቅልፉ ላይ ነው የተሳሳተው። እኔም ናሽቪል 11 ዓመት ኖሬ ነው የመጣሁት፤ ሐዋሳ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የምትይው ብሉበርድ ካፌን መሆን አለበት። ለማታውቋት ልንገራችሁ፦ ሂልስቦሮ ፓይክ ላይ በሱቆች መሃል የተሸጎጠች፣ በመኪና ሲያልፉ የማትታይ፣ 90 ሰው ገደማ የምትይዝ ቤት ናት። ኤሚ ኩርላንድ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1982 ከፈተቻት። በ1985 ደራሲዎቹ መድረኩን ትተው ቤቱ መሃል ክብ ሠርተው መቀመጥ ጀመሩ፤ ስሟ የወጣው በዚያ ነው። በ2008 ደግሞ የዘፈን ደራሲዎች ማኅበር እጅ ገባች። አራት ወንበር፣ አራት ጊታር። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌሎቹ ያጅቡታል ወይ ዝም ብለው ይሰሙታል፣ ተራው ይዞራል። ሬዲዮ ላይ ሌላ ሰው ያስጮኸውን ዘፈን፣ የጻፈው ሰውዬ ከምን ተነስቶ እንደጻፈው ነግሮሽ በተሰበረ ድምፁ ይዘፍንልሻል። ያወራ ሰው «እሽ!» ይባላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ተብያለሁ። አብሮኝ ለነበረው ዘመዴ ግጥሙን እየተረጎምኩለት ነበር፣ ምን ላድርግ!

እንግዲህ ሐዋሳም አንዲት ቤት አለችን። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ያሉት ጠረጴዛዎች 12 ናቸው፣ ይሄ ውይይት ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ስትመጪ በውስጥ ጻፊልኝ። ከፒያሳ ባጃጅ ይዘሽ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። ድሮ መኖሪያ ቤት ነበረች፤ ሳሎኑንና አንዱን መኝታ ቤት አፍርሰው አገናኙት። ባለቤቲቱን ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ፕሮግራሙ ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ለምን ሐሙስ ብትይ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተጫዋቾቹ ሠርግ አለባቸው። በዐቢይ ጾም ጭራሽ የለም። ለገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ለፍቼ ጨምባላላ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ወንበር ካልያዝሽ ቆመሽ ነው የምትሰሚው።

ልዩነቱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ብሉበርድን ፍለጋ መጥተሽ እንዳትከፊ። የኛ ዘፈን ወላጁ ብዙ ነው። የካሴት ሽፋን የምታስታውሺ ከሆነ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል፣ ዘፋኙ ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ እትዬ ቤት ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አንዱ የገጣሚው፣ አንዱ የዜማ ደራሲው። አንድ ጊታርና አንድ ክራር። የማመሻው ግማሽ ዘፈን ነው፣ ግማሹ ክርክር።

ባለፈው ወር የሆነውን ላውራሽ። ዜማ ደራሲው ጊታሩን እየቃኘ፣ «ይሄ ሰውዬ አንጀቴን ብሎ ጽፎ አመጣልኝ» አለ። «ዜማው አንድ ቀለም በዛብኝ አለ። ሆዴን አልኩት። ዘፋኙም ሆዴን ብሎ ቀረጸው። እሱ ግን ሁለት ዓመት አኮረፈኝ።» ገጣሚው ሸምገል ያለ፣ ኮፍያውን የማያወልቅ ሰው ነው። ቢራውን አስቀመጠና «ሆድ ይበላል፤ አንጀትም ይበላል። ሁለተኛውን አጥብቀህ አንብበው!» አለው። ቤቱ ተንጫጫ። ከዚያ ሁለቱንም ዘፈኑልን፣ አንድ ጊዜ በሆድ፣ አንድ ጊዜ በአንጀት። እውነቱን ለመናገር ዜማ ደራሲው ልክ ነበር፤ አንጀት ሲገባ ዜማው ይንገዳገዳል። ግን ስንወጣ ሁሉም የሚያንጎራጉረው በአንጀት ነበር።

«እሽ» የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ሰሞን እኔ የናሽቪሉን ጠባይ ይዤ አንድ ጠረጴዛ ላይ «እሽ» ብዬ ነበር። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና «ቅዳሴ ላይ ነን እንዴ ጌታዬ?» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ ሳስበው ሰውዬው እውነቱን ነው። አዝማሪ ቤት ያደገ ጆሮ ስንኝ ወርውሮ «ተቀበል!» ይላል እንጂ እጁን አጣምሮ አይሰማም። እዚህ ዝም ያለ ሰው ዘፈኑን አልወደደውም ማለት ነው። ስልክ አውጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቀርጸውን ግን እስካሁን አለመድኩትም፣ አለምደውምም።

ሌላው የሽልማት ነገር ነው። አንዱ ሞቅ ያለው ተነስቶ ገጣሚው ግንባር ላይ 100 ብር ለጠፈበት። ብሩ ወዝ አልያዘውም መሰለኝ፣ ተንሸራቶ የተገለጠው ደብተሩ ላይ ወደቀ። ሰውዬው አልደነገጠም፣ ገጹ እንዳይጠፋው እዚያው ዕልባት አድርጎት ደብተሩን ዘጋ። እትዬ ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ሙዳይ አስቀምጠዋል። ብርሽን ሙዳዩ ውስጥ ጣይ፤ ለሁለቱ ወንበሮች እኩል ይካፈላል።

ይሄን የምነግርሽ አሜሪካ የለመድነው ስለሚያታልለን ነው። እዚያ ዘፈን ሬዲዮ ላይ በተጫወተ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፣ ዘፋኙ እንኳ በዚያ በኩል አያገኝም። አስካፕ የሚባለው ሰብሳቢ ድርጅታቸው ከእ.ኤ.አ. 1914 ጀምሮ አለ። እኛም ሕጉ አለን፣ የቅጂ መብቱ አዋጅ 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007። እትዬ ቤት የሚቀመጡትን ስትጠይቂ ግን አብዛኞቹ ግጥማቸውን አንዴ ሸጠው የጨረሱ ናቸው። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲጮህ እነሱም እንደኛ ሒሳብ ከፍለው ነው የሚሰሙት።

አስተያየት፣ ከአዳማ

ሐዋሳዎች ታድላችኋል። እኔ ከቶሮንቶ ተመልሼ አዳማ ነው ያለሁት። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ባንዱም እንግዳውም ቅዳሜ መጥቶ እሁድ ይሄዳል። ደራሲ ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቤት ፈልጌ አጣሁ። ባንድ ግን እንደ ጉድ ነው፣ ድምፁ ጥርስ ያንቀጠቅጣል።

አስተያየት፣ ከሚኒያፖሊስ

ወንድሜ፣ ሁሉም በአማርኛ ነው? ሐዋሳ የሲዳማ ዋና ከተማ ናት እኮ።

መላሽ፣ ከሐዋሳ

ጥሩ ጠየቅህ። አይደለም። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አንድ ልጅ በሲዳምኛ የራሱን ሦስት ዘፈን ተጫወተ፤ ግጥሙም ዜማውም የሱ። እኔ ሲዳምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። አጠገቤ የተቀመጠች፣ አሞራ ገደል ዓሳ የምትሸጥ ሴት ጆሮዬ ሥር ሆና መስመር በመስመር ትተረጉምልኝ ጀመር። ቡና ለቀማ ላይ ስላለች እናቱ ነው የሚዘፍነው። ቅርጫቱ ሲሞላ እናትየው የምትለውን አንድ ቃል ስታጣ ቆም ብላ «እንዴት ልበልህ…» እያለች በእጇ አሳየችኝ፣ ከወገብ ቀና ብሎ መተንፈስ ዓይነት። ድምጿ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ማንም እሽ አላላትም፤ ልጁ ራሱ ሰምቷት አንዱን ስንኝ ደግሞ ዘፈነልን፣ እስክትጨርስ።

እህቴ፣ ሹራብና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሺ። ግቢው ውስጥ ከተቀመጥሽ ሐይቁ ቅርብ ነው።

ጠያቂ፣ ከናሽቪል

ተባረክ ወንድሜ። በረራችን ረቡዕ ነው የሚገባው፤ ሐሙስ እንቅልፍ ካልጣለን እንመጣለን፣ ሁለት ወንበር ያዝልን። ያንተን ጽሑፍ እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ አንጀት ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ሆድ ነኝ። እስካሁን አልታረቅንም።