ዋባናኪዎች «የዋህ» ነበሩ?

ብሩክ፦ ትናንት እዚሁ ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስለ ዋባናኪዎች «ፈረንጅ አምነው፣ የዋህ ሆነው ነው አገራቸውን ያጡት» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። እ.ኤ.አ. በ1524 መርከበኛው ቬራዛኖ ዛሬ ሜይን የምንለው የአሜሪካ ግዛት ዳርቻ ሲደርስ ሰዎቹ አልቀረቡትም። ዕቃቸውን ከቋጥኝ ላይ በገመድ እያወረዱ ነው የተለዋወጡት። የፈለጉትም ቢላዋ፣ መንጠቆና ስለት ያለው ብረት ብቻ ነበር። ሲጨርሱ ቂጣቸውን አሳይተው ሳቁበት። ይሄ ነው የዋህ?

ጋሽ ታደለ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ ልጄ። በ1605 እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ዌይማውዝ ከዚያው ዳርቻ አምስት ሰው አፍኖ እንግሊዝ ወስዷል። እንግሊዞቹ ሁለቱን የያዟቸው አንድ ሳህን አተር ይዘውላቸው ከመርከብ ወርደው ነው። ሰዎቹ አተር ይወዱ ነበር። ረጅም ጸጉራቸውን ጨምድደው ወሰዷቸው። ይህንን ምን ትለዋለህ?

ናርዶስ፦ ጋሼ፣ አብሮ መብላት እኮ እንግዳ ተቀባይነት ነው። ጥፋቱ የከሃዲው ነው። «የዋህ» ሲሉ ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ አዞሩት።

ጋሽ ታደለ፦ የዋህ ስድብ ሆነ እንዴ? የዋህ ምድርን ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም?

ብሩክ፦ እነዚህ ምድራቸውን ነው የተወረሱት!

ሙሉጌታ፦ ቀይ ሕንዶችን የጨረሳቸው በሽታ ነው። ከ1616 እስከ 1619 የነበረው ወረርሽኝ መንደሩን ሁሉ ባዶ ሲያደርግ ብልህና የዋህ አልለየም።

ናርዶስ፦ «ቀይ ሕንድ» አትበል። ዋባናኪ የንጋት ምድር ሰዎች ማለት ነው፤ የራሳቸው ስም አላቸው። ደግሞም አላለቁም። ከዋባናኪ ሕዝቦች ፔኖብስኮቶችም ፓሳማኮዲዎችም ዛሬ ሜይን ውስጥ አሉ።

ሙሉጌታ፦ እኔ አጠፋኋቸው? ከልጅነቴ የማውቀውን ስም ነው የጠራሁት።

ብሩክ፦ ወደ ነገራችን። በ1602 እንግሊዞች እዚያ ዳርቻ ሲደርሱ ስምንት ሰዎች በአውሮፓውያኑ ባስኮች ጀልባ፣ ሸራ ወጥረው መጡባቸው። አንዱ የፈረንጅ ሱሪ ለብሷል። ከአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች ጋር ስንት ዓመት የነገደ ሕዝብ ነው! በ1755 ደግሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የማሳቹሴትስ ምክትል ገዥ ፊፕስ ተገፎ ለሚመጣ የአንድ ፔኖብስኮት ወንድ የራስ ቆዳ 40 ፓውንድ፣ ለሴትና ለልጅ 20 ፓውንድ አወጀ። አርፎ በተቀመጠ የዋህ ላይ እንዲህ ያለ ዋጋ አይቆረጥም። ስለታገሉ ነው።

ጋሽ ታደለ፦ ጀግንነታቸውን መች ካድኩ? አተሩን ግን አልመለስክልኝም።

ናርዶስ፦ እኔ መልሼልዎታለሁ ጋሼ። ከላይ ያንብቡት።