የእርሻ ዶማን ለወርቅ ዲቴክተር ሥራ እንዲመች አድርጎ ስለማሻሻል

ጥያቄ (ባለ ዶማው)

ጤና ይስጥልኝ። በአሶሳ ዞን መንጌ ወረዳ፣ ፈቃድ ባለው ማኅበር ውስጥ ሆነን በዲቴክተር ወርቅ እንፈልጋለን። የምንቆፍርበት ከገበያ የተገዛ ተራ የእርሻ ዶማ ነው። አፉ ሰፊ በመሆኑ ድንጋይ የበዛበትን ደረቅ ቀይ አፈር ላዩን ይፍቀዋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዛቢያውም ረጅም ስለሆነ በአንድ እጁ ማሽን ለያዘ ሰው አይመችም። ስለዚህ አፉን አጥብቤ፣ በጀርባው በኩል ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ሹል ጫፍ አስበይጄ፣ ዛቢያውን አሳጥሬ፣ ሚስማርና ብረት ለበስ ጠጠር የሚለቅም ማግኔት ልገጥምበት አስቤአለሁ። ብየዳው ይይዛል? ማግኔቱስ የት ቢሆን ይሻላል?

መልስ (ብረታ ብረት)

ወንድሜ፣ ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ እንደ በርና መስኮት ብረት ዝም ተብሎ አይበየድም። በቀጥታ ከተበየደ፣ ከብየዳው መስመር ጎን ያለው ክፍል በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲታይ ምንም እንከን የሌለው ብየዳ ድንጋይ በመታ ጊዜ ከጎኑ ተሰንጥቆ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። የግድ ይበየድ ካሉ፣ ሁለቱንም ብረቶች አስቀድሞ ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ፣ እርጥበት ባልነካው 7018 በተባለ የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) መበየድ፣ ከዚያም ውኃ ሳያስነኩ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል።

እኔ ብሆን ግን ብየዳውን ትቼ ወፍራም ባሌስትራ ለአንጥረኛ እሰጥና ሙሉውን ዶማ ከአንድ ብረት አስቀጠቅጣለሁ። አንድ ወገኑ ሹል፣ ሌላው ወገን አምስት ወይም ስድስት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አፍ ይሁን። አንጥረኛው ሁለቱን ጫፎች ብቻ አግሎ ውኃ ሳይሆን ዘይት ያጠጣቸው፤ ቀጥሎም ላያቸውን ፈግፍጎ እንደገና ቀስ ብሎ ሲያሞቃቸው ቀለማቸው ከቢጫ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ሰማያዊው እንደታየ፣ ማለትም 300 ዲግሪ አካባቢ፣ ከእሳት ያውጣቸው። ዛቢያ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያው መጠንከር የለበትም፤ እዚያ የሚፈለገው ዱላ የሚችል ለስላሳ ብረት ነው።

መልስ (የሻኪሶ ልጅ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥሩ አንጥረኛ በቅርብ ለሌለው ሰው አሮጌውን ዶማ በግራይንደር ማጥበብ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሲሞረድ ጠርዙ ሰማያዊ ቀለም እንዳያወጣ እየቆሙ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ሰማያዊው ለባሌስትራው ቢፈለግም፣ ሰማያዊ ሆኖ ያደረ የእርሻ ዶማ ግን ቶሎ ይዶለዱማል።

ማግኔቱን በተመለከተ፣ ከተበላሸ ስፒከር የሚወጣው ጥቁር ቀለበት መካከሉ ቀዳዳ ስለሆነ በብሎን ለማሰር ይመቻል። ኒዮዲሚየም የተባለው ነጭ ማግኔት ከእርሱ በብዙ እጥፍ ይበረታል፤ ሆኖም ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣልና ብየዳና ሙረዳ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይገጠም። ሁለቱም ሲመቱ ይፈረካከሳሉ፤ ስለዚህ ቦታቸው ከዛቢያው አጠገብ፣ በዶማው ጎን እንጂ ድንጋይ በሚመታው ጫፍ አይደለም። ላዩን በወፍራም ፌስታል ይሸፍኑት። ጥቁር አሸዋ ሲከመርበት ፌስታሉን ገፈፍ ሲያደርጉት ሁሉም ይራገፋል፤ ያለ ፌስታል ግን ያንን አሸዋ በጣት ሲለቅሙ ይውላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወርቅ በማግኔት አይሳብም፤ ይሁን እንጂ በእኛም በእናንተም አገር ወርቁ አንዳንድ ጊዜ ብረት ካለበት ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ድንጋዩ ሲሳብ ወርቁም አብሮ ይሄዳል። ማግኔቱ የለቀመውን ከመጣልዎ በፊት ከዶማው አራግፈው እንደገና በኮይሉ (ብረት በሚለየው የማሽኑ ጫፍ) ላይ ያሳልፉት። ለዚህም ከቢጫ የዘይት ጀሪካን መያዣው ሳይነካ በሰያፍ የተቆረጠ ማፈሻ ይበቃል፤ ብረት የሚባል ነገር ስለሌለበት ማሽኑን አያሳስትም። ዶማው ራሱ ግን፣ ማግኔት ኖረውም አልኖረው፣ በሚፈትሹበት ጊዜ ከኮይሉ ሁለት እርምጃ ያህል ይራቅ።

ባለ ዶማው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብየዳውን ትቼዋለሁ። የቀረኝ የዛቢያው ጉዳይ ነው። በአካባቢያችን ቀርከሃ እንደ ልብ ይገኛል፤ ቀላልም ነው። ይሆን ይሆን?

መልስ (ብረታ ብረት)

የአሶሳ ቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ባለመሆኑ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀርከሃ በርዝመቱ ስለሚሰነጠቅ ነው፤ ምቱ ሁሉ የሚያርፍበት ከዶማው ቀዳዳ ሥር ያለው ክፍል ቀድሞ ይከፈታል። የደረቀ ወይራ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ። ርዝመቱ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካጠረ በአንድ እጅ ቢመችም ጠንካራ መሬት ላይ ሁለተኛውን እጅ ማሳረፊያ ያጣሉ። ዛቢያው ከቀጭኑ ጫፉ ጀምሮ ከላይ ወደ ታች ይግባና ወፍራሙ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ይጥበቅ፤ እንዲህ ሲሆን በተወነጨፈ ቁጥር ዶማው ወደ ጫፉ እየተገፋ ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም። ሽብልቁ የብረትም የእንጨትም ቢሆን ለማሽኑ ለውጥ የለውም፤ ዶማው ራሱ ብረት ነውና።