ከአምስቱ ጋላክሲዎች አንዷ ብቻ ለምን ጤፍ ተበተነባት?

የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሐዋሳ፦
ሥራዬ ጉርድ ፎቶና የሰርግ አልበም ነው። ለራሴ ደስታ ስል ግን የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እንደ ፈረንጆች በ2022 ያሳየንን የስቴፋን አምስት ጋላክሲዎች፣ ማለትም አምስት ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ከባንኮኒው ጀርባ ሰቅያለሁ። ደንበኞች አንዳንዱ አበባ፣ አንዳንዱ የፈሰሰ እንቁላል ይሉታል። አንዲት እናት ጉርዳቸው እስኪደርስ አፍጥጠው ሲያዩት ቆዩና «ይህን ሁሉ ፈጥሮ እኛን አለመርሳቱ!» አሉ።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ በግራ በኩል ያለችው ጋላክሲ በማጉያ መነጽር ስትታይ ጤፍ የተበተነባት ትመስላለች። አራቱ እንደ ጉም ለስላሳ ናቸው። ቀለም ቀየርኩ፣ ወረቀት ለወጥኩ፣ ሦስት ጊዜ አተምኩ፤ ያው ናት። ጥፋቱ የፕሪንተሬ ነው?

የፊዚክስ መምህር፦
ወንድሜ፣ ፕሪንተርህን ማረው። ጤፍ የመሰሉህ ከዋክብት ናቸው። ኤን ጂ ሲ 7320 የምትባለው ይህች ጋላክሲ የምትርቀን 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ያህል ሲሆን፣ አራቱ 290 ሚሊዮን ገደማ ላይ ናቸው። ስለቀረበች ከዋክብቷ ተለይተው ታዩ። ሰርግ ስታነሳ ከሙሽሮቹ ፊት ሳያውቅ የሚያልፍ መንገደኛ ይገጥምህ የለም? እርሷም እንዲያ ናት። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤዷር ስቴፋን እንደ ፈረንጆች በ1877 ከማርሴይ ከተማ ሆኖ ሲያገኛቸው ርቀታቸውን የሚለይበት መላ አልነበረውም።

ዋናው ግርግር ከመካከል ነው፤ ተቃቅፈው ከምታያቸው ሁለቱ አንደኛዋ በሰከንድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈች ገብታ የቡድኑን ጋዝ ታተራምሰዋለች።

የሌሊት ጥበቃ፦
መምህር፣ እኔ ሐይቁ ዳር ስለማድር ሰማዩን እጠግበዋለሁ። እነዚህን በዓይን ማየት ይቻላል ይላሉ?

የፊዚክስ መምህር፦
አይቻልም፤ ፈዛዛ ስለሆኑ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋሉ። ነገር ግን በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ለመብራቶቹ ጀርባዎን ሰጥተው ወደ ሰሜን ቀና ይበሉ። ትንሽ የጭስ ጠብታ የምትመስለው አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ ናት፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት፦
ስንት ቀለም በከንቱ አፈሰስኩ! በአራተኛው ህትመት መንገደኛዋን ቆርጬ ላወጣት አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከሙሽሮች ፊት ያለፈን ሰው ስቆርጥ ግን አንድም ቀን አመንትቼ አላውቅም።