ቁልፍ ሳዞር «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች፤ ባትሪው ነው ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው)?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። አሮጌ ማንዋል ኮሮላ አለችኝ። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዴ «ቀጭ» ትልና ዝም። ተገፍታ ግን ወዲያው ትነሳለች። ጋራዥ ሳልወስዳት ቤት ምን ልይ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ባትሪውን በቴስተር ለካው። ጠዋት ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ከዛ የፊት መብራት አብራና ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ባትሪው ወይ ገመዱ ነው፤ ካልደበዘዘ ሞተሪኖውን ጠርጥር።

መልስ 2፦ የባትሪውን ጫፎች ሳታይ ምንም እንዳትገዛ! ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ ኔጌቲቩን ቀድመህ ፍታ፣ በሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ እጠብ፣ አድርቀህ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግና አጥብቀህ እሰር፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውን የኔጌቲቭ ገመድም እንደዛው።

ጠያቂ፦ 12.6 ነው። ጫፎቹ ንጹህ ናቸው፣ መብራቱም አይደበዝዝም።

መልስ 1፦ እንግዲያው ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ሳይበሉ አይቀሩም። እነሱ ብቻቸውን ይቀየራሉ፤ ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ ቢሉህ አትቸኩል። ስትፈታው ካርቦኑንም (ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን) እይ። ሥሯ ስትገባ ግን ክሪክ ብቻ አምነህ እንዳትተኛ፣ በእናትህ።