የፍልፈል ክርክር፦ የጋራው ሣር ላይ መርዝ ይግባ ወይስ በተፈጥሮ መላ እንገላገል?

የግቢው ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። የምንኖርበት ግቢ (ከአፍሪካ ውጭ፣ ባሕር ማዶ ነው) የጋራ ሣር አለው፤ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበት። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ አፈሩ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ እያለ ሜዳው ፈንጣጣ ያረፈበት ፊት መስሏል። በነዋሪው ስብሰባ ግማሹ «መርዝ ይገዛና ጉድጓዱ ውስጥ ይጨመር» አለ። ግማሹ ደግሞ «ልጅና ድመት ባለበት መርዝ አይገባም፣ የተፈጥሮ መላ ይፈለግ» ብሎ ተነሳ። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ፣ ለጊዜው። እናንተስ ከየትኛው ወገን ናችሁ? ምክንያታችሁንም ጨምሩ።

ቆራጡ፦
እኔ ሳልሸሽግ የመርዝ ወገን ነኝ። «የተፈጥሮ መላ» የሚባለውን ሁሉ ሞክሬዋለሁ። በየቀዳዳው ነጭ ሽንኩርት ቀበርኩ። በርበሬ ነሰነስኩ፤ ነፋሱ ወደ ዓይኔ መልሶት ያለቀስኩት እኔ እንጂ ፍልፈሉ አይደለም። ከፀጉር ቤት ፀጉር ለምኜ ወተፍኩ። «ማስቲካ ይበላና አንጀቱ ይጣበቃል» ሲሉኝ እሱንም ጨመርኩ። በመጨረሻ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ መሬት ውስጥ የሚንዘር ዘንግ ገዝቼ ተከልኩ። በሳምንቱ አዲሱ ቁልል የወጣው ከዘንጉ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ነው! ድምፄ ለመርዝ።

አፈር ወዳድ፦
ወንድሜ ቆራጡ፣ ስለ ዘንጉ ያልከው ልክ ነው፤ በሙከራም ድምፅና ንዝረት ፍልፈል ሲያባርሩ አልታዩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ልታባርረው የነበረው እንስሳ ምን ነበር?

ቆራጡ፦
ፍልፈል ነዋ እህቴ!

አፈር ወዳድ፦
የትኛው ፍልፈል? በእኛ አነጋገር አፈር የሚቆልል ሁሉ ፍልፈል ነው፤ ጭቅጭቁም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ትል በል ፍልፈል የአይጥ ዘመድ አይደለም፤ አፍሪካ ውስጥም የለም። ሣርም ሥርም አይበላም። ምግቡ የመሬት ትልና የጢንዚዛ ዕጭ (ገና ክንፍ ያላወጣ፣ ትል የሚመስል የጢንዚዛ ልጅ) ነው፤ በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። ምራቁ ትሉን ስለሚያደነዝዘው ከነሕይወቱ ጓዳው ውስጥ ያከማቸዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ፍልፈል የምንለው ግን የአይጥ ወገን ነው፤ ጥርሱ ገጥጦ የሚታይ፣ ሥር የሚቆረጥም። በሰሜኑ ዓለም ደግሞ ጭራው አጭር የሆነ የሜዳ አይጥ አለ። እሱ አፈር አይቆልልም፤ ሣሩን እየከረከመ ጠባብ መንገድ ያወጣል፣ የችግኝ ቅርፊት ዙሪያውን ይልጣል፣ ባለቤቱ የለቀቀው የፍልፈል ዋሻ ካገኘም ይገባበታል።

እንግዲህ አስበው። የገዛኸው መርዝ እህል ላይ የተለወሰ ከሆነ ትል በሉ ፍልፈል ዞር ብሎም አያየው። የሚሞተው ሌላ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ቆራጡ፦
ተረቱ ያምራል፤ ነገር ግን ትል መስሎ የተሠራ ለስላሳ መርዝም ይሸጣል። ፍልፈሉ ትል መስሎት ይበላዋል። ስለዚህ «መርዝ አይሠራም» አትበሉ፤ «ተሳስተህ ገዛህ» በሉኝ።

አፈር ወዳድ፦
እሺ፣ ተሳስተህ ገዛህ 🙂

ነርሷ፦
እኔን የሚያሳስበኝ የሚሠራው መርዝ ነው። ለአይጥ የሚሸጠው ዚንክ ፎስፋይድ ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይፈጥራል፤ ለፎስፊን የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ጉድጓድ ውስጥ የሚጨመረው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ደግሞ የአፈሩ እርጥበት ሲነካው ያንኑ ጋዝ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ዩታ ግዛት አንድ የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ የሜዳ አይጥ ለመግደል ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ጨምሮት፣ ጋዙ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ እንዳይደረግ ከለከለ። ልብ በሉ፣ የጨመረው ሰው ሥራው ይኸው የሆነ ባለሙያ ነው። ጸሐፊያችን ባሉት ሜዳ ላይ የሚጨምረው ማን ሊሆን ነው? የጥበቃ ሠራተኛው?

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። አይጧ ከበላች በኋላ ቀናት ትቆያለች፣ ትደክማለች፣ ሜዳ ላይ ትንገዳገዳለች። ጉጉት ወይ ድመት ያኔ ያነሳታል፤ መርዙም አብሮ ይሄዳል። አይጥ አዳኞቻችሁን በገዛ እጃችሁ ትገድሉና በሚቀጥለው ዓመት አይጥ በዛ ብላችሁ ትሰበሰባላችሁ።

ጥያቄ አለኝ፦
ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። የጉሎ ዘይት ያባርረዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ጉሎውን ራሱን ዳር ዳሩን ብተክለው አይሻልም? አንዴ ተክዬ እገላገላለሁ ብዬ ነው።

የድሮ አትክልተኛ፦
ልጄ፣ እንዳታደርጊው! በጉሎ ፍሬ ውስጥ ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፤ ልጆች ባሉበት ግቢ የሚዘራ አይደለም። ደግሞ ተክሉ ስለቆመ ፍልፈል አይሸሽም። ዘይቱ ሌላ ነገር ነው፣ ሲጠመቅ መርዙ አብሮት አይወጣም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሦስት እጅ የጉሎ ዘይት ከአንድ እጅ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር እመታዋለሁ፤ ሳሙናው ዘይቱን ከውኃ ጋር ያስታርቀዋል። ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ በአራት ሊትር ውኃ በጥብጬ ሜዳውን ሁሉ አረጥባለሁ። አፈሩ ቀድሞ ረጠብ ቢል ይሻላል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ከቤቱ በኩል ጀምሮ ወደ ውጭ መሄድ ነው፤ ዙሪያውን ቀድመሽ ካጠርሽበት እንስሳው መሀል ይቀራል።

አይገድልም። ሽታውና ጣዕሙ ነው የሚያስጠላው። ዝናብ ከበረታ ታጥቦ ይሄዳል፣ መድገም ነው።

ቆራጡ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እርስዎ «ሠራልኝ» ሲሉ እኔም «ነጭ ሽንኩርት አልሠራልኝም» ስል ሁለታችንም አንድ ሜዳ አይተን ነው የምናወራው። ማስረጃው የት አለ?

የድሮ አትክልተኛ፦
ጥሩ ጠየቅህ። ከሚረጩት ሁሉ በሙከራ ደህና ውጤት ያሳየው ጉሎ ነው፤ እሱም በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካው ትል በል ፍልፈል ላይ። ለሜዳ አይጥ አልምልልህም። ሌላው፣ የነጭ ሽንኩርቱም የማስቲካውም የጠርሙስ ስባሪውም፣ ወሬ ነው። የጠርሙስ ስባሪውማ ከወሬም ይብሳል፤ ነገ ያንን መሬት በባዶ እጁ የሚቆፍር ሰው አለ።

አፈር ወዳድ፦
«የጢንዚዛውን ዕጭ ብትገድሉት ፍልፈሉ ይራብና ይሄዳል» የሚለውንም ጨምሩበት። ዋና ምግቡ የመሬት ትል ነው ብለናል፤ ዕጩ ቢያልቅ ትሉን ይበላል። እንዲህ ይሻላል፦ ውኃ ቀንሱ። ሣር በየቀኑ ሲጠጣ ትሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍልፈሉም ተከትሎት ይመጣል። አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ትሉ ይጠልቃል፣ ዋሻውም አብሮት ይጠልቃል። ውኃ መቀነስ ገንዘብ ስለማያስወጣ ነው መሰለኝ ማንም አያስተዋውቀውም።

ሕግ ቀመስ፦
የሌላው ዓለም ልምድ ለቃለ ጉባኤው ይጠቅም እንደሆነ፦ በጀርመን ትል በል ፍልፈል በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ መግደል ያስቀጣል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. የ2020 የዓመቱ እንስሳ ተብሎ እዚያው ተመርጧል። ብሪታንያ ፍልፈል ይገደልበት የነበረውን ስትሪክኒን የሚባል መርዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአገልግሎት አስወጥታለች። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2000 በሰጠው ድምፅ ሰውነት የሚይዝ ወጥመድ ሲከለከል የፍልፈል ወጥመድም አብሮ ተከለከለ፣ የሣር ባለቤቶችም እስኪበቃቸው አጉረመረሙ።

(ቆራጡ ደስ እንዲለው ግን፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1702 የሞተው ፈረሱ በፍልፈል ቁልል ተሰናክሎ ከጣለው በኋላ ነው። የንጉሡ ጠላቶች ከዚያ ወዲያ ጽዋ ሲያነሱ «ለዚያ ጥቁር ከፋይ ለባሽ ትንሽ ጌታ» እያሉ ነበር።)

ቆራጡ፦
ንጉሥ የጣለ ሽማግሌ አይጥልም? ሕግ ቀመስ፣ ለእኔ ነው የመሰከርክልኝ!

አሁን ግን ቀልዱን ላቁም። እናንተ «ተፈጥሯዊ» ስትሉ የዋህ ማለታችሁ ይመስላል። ራይሲንም ተፈጥሯዊ ነው። ጉጉት የአይጥ አንገት ስትሰብርም ተፈጥሯዊ ነው። ሁለተኛ፣ የሜዳ አይጥ በሦስት ሳምንት ወልዳ ዓመቱን ሙሉ ደጋግማ ትወልዳለች። እናንተ አይጥ ታድንልን ብላችሁ ለጉጉት ጎጆ እስክትሰቅሉ ችግኙ ተልጦ ያልቃል። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ደረቀ ማለት ነው። የዛፉን ሞት ማን ይጠየቅበታል?

አፈር ወዳድ፦
ይህኛው ክርክርህ ጠንካራ ነው፣ አልክድህም። ጉጉት አንዲት ግቢ አታጸዳም፤ ቁጥሩን ትቀንስ ይሆናል። ለዛፍ ግን መርዝም ጉጉትም አያስፈልግም፣ ሽቦ ነው መልሱ። ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር ያልበለጠ የሽቦ መረብ በግንዱ ዙሪያ ታቆማለህ፤ ከመሬት በላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ወደ ታች 15 ሴንቲሜትር። ግንዱን እንዳያንቀው ላላ ይበል። ጉዝጓዙን (አፈሩ ላይ የሚነሰነሰውን ገለባና ቅጠል) ከግንዱ ራቅ አድርገው፤ አይጧ የምትወደው መሸፈኛውን ነው፣ ገላጣ ላይ መታየት አትፈልግም። ሣሩንም አጭር አድርገህ እጨደው። ይኼ ሁሉ አንድ ቅዳሜ አይፈጅም፣ ለዓመታትም ይቆያል። መርዝ ግን ዘንድሮ የገደለውን ያህል ከጎረቤት ሜዳ ይመጣልሃል።

ለትል በሉ ግን ሽቦ ከባድ ነው፤ እስከ 60 ሴንቲሜትር መቆፈርና ጫፉን ወደ ውጭ ማጠፍ ይጠይቃል። ለአበባ መደብ ያዋጣል፣ ለሙሉ ሜዳ አያዋጣም። ሣሩ እንደ አዲስ የሚነጠፍ ከሆነ ብቻ ከሥሩ መረብ መዘርጋት ይቻላል። ፍልፈሉ ከታች መሄዱን አይተውም፤ አፈሩን ወደ ላይ መግፋት ግን ያቅተዋል።

ቆራጡ፦
ወጥመድስ? ወጥመድ ኬሚካል የለውም፣ ድመት አይመርዝም፣ የያዝከውን ታያለህ። ለትል በሉ ከሁሉም የሚያስተማምነው እሱ ነው። ይህንንም «አይሆንም» ካላችሁ ፍልፈሉን ወክላችሁ ነው የምትከራከሩት።

ነርሷ፦
ወጥመድ ከመርዝ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ዋሻው ውስጥ ሆኖ ከተሸፈነና ልጅ እጁን ከማይሰድበት ቦታ ከተቀመጠ።

አፈር ወዳድ፦
እኔ አልስማማም። ትል በል ፍልፈል ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ያ ሁሉ ቁልል የአንድ ወይ የሁለት እንስሳ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓት አራት ሜትር ገደማ ይቆፍራላ። ገደልከው እንበል። ዋሻው ባዶ ቤት ሆነ፤ ባዶ ቤት ደግሞ ተከራይ አያጣም። ጭንቁ የሣሩ መልክ ከሆነ ቁልሉን አካፋ ይዞ መበተን ይቀላል።

የድሮ አትክልተኛ፦
ጸሐፊው፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግ። ከፍ ከፍ ያለውን የዋሻ ጣሪያ ሁሉ በእግርህ ረግጠህ ደልድለው፣ ምልክትም አድርግበት። በሁለት ቀን ውስጥ መልሶ ያበጠው ብቻ ነው ሰው ያለበት። ሌላው የተተወ ነው። ችግኞቹንም ጎንበስ ብለህ እያቸው።

የግቢው ጸሐፊ፦
(ከሦስት ቀን በኋላ)
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። 14 ቦታ ረገጥኩ፤ መልሶ ያበጠው 3 ቦታ ብቻ ነው። አንዱን ከፈት ሳደርገው የተበላ ሥር የለም፣ አፈሩ ግን በትል የተሞላ ነው። ከኋላ በኩል ካሉት ችግኞች ሁለቱ ግርጌያቸው ተልጧል፣ አንደኛው ዙሪያውን ሊገጥም ጥቂት ነው የቀረው። አጠገባቸው ያለው የጉዝጓዝ ክምር ሥር ጠባብ የሣር መንገድ አገኘሁ። ሁለት እንግዳ ነው ያለን፤ ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ስም ስንከሳቸው ከርመናል።

ስለዚህ ገለልተኛነቴን ለቅቄያለሁ። ለስብሰባው የማቀርበው፦ ለችግኞቹ ሽቦ፣ ለሜዳው ውኃ መቀነስና የጉሎ ዘይት፣ የመርዙ ግዢ ይሰረዝ። ወጥመዱን ለብቻው ድምፅ ይሰጡበት፤ እዚያ ላይ እናንተም አልተስማማችሁ።

ቆራጡ፦
ስለ ወጥመዱ ለእኔም ድምፅ ስጥልኝ።

የግቢው ጸሐፊ፦
አንተ ነዋሪ አይደለህም!

የድሮ አትክልተኛ፦
የቁልሉን አፈር ግን እንዳትጥሉት፤ ተነፍቶ የመጣ ያህል ደቃቅ ነው። በባልዲ ሰብስባችሁ ለችግኝ ማፍያ አድርጉት።