የካምፓስ ዩኤክስ ፕሮጀክት፦ ከየት እንጀምር?

ሦስተኛ_ዓመቷ
ሰላም ለሁላችሁ። ለዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን) ኮርስ የካምፓስ ኑሮን የሚያሻሽል ነገር ሥሩ ተብለናል። የግሩፑ ሐሳብ የክፍል ፕሮግራም፣ የላይብረሪ ወንበር፣ የክበባት ማስታወቂያ እና የጠፋ ዕቃ ሁሉ ያለበት አንድ አፕ ነው። ፊግማ (የስክሪን መንደፊያ ሶፍትዌር) ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ጀምረናል፤ ያምራል። ግን ገና አንድም ተማሪ አላናገርንም፤ ይሄ ከንክኖኛል። መጠይቅ እንበትን?

ወረቀትና_እርሳስ
መከንከኑስ ይገባሻል። ፊግማውን ለጊዜው ዝጉትና ከአራቱ አንዱን ብቻ ያዙ። እኔ ብሆን የላይብረሪውን ወንበር እመርጣለሁ። ተማሪ ሳለን የሠራነውም እሱን ነው።

መጠይቁ ይቆይ። «ክፍት ወንበር የሚያሳይ አፕ ትፈልጋለህ?» ብትዪው ማን እምቢ ይላል? ይልቅ ፈተና ሲቃረብ ገብታችሁ ጥግ ይዛችሁ እዩ። እኛ ያየነው ይሄን ነው፦ ደብተር ተዘርግቷል፣ ቻርጀር ተሰክቷል፣ ወንበሩ ላይ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ የለም። አንዱ ቦርሳውን እንዳነገተ መጥቶ ቆም ይላል። ጃኬቱን ያያል። አጠገቡ ያለችውን «ሰው አለው?» ይላታል። እሷም አታውቅም። ትቶት ይሄዳል።

ያ ልጅ የሚፈልገው ባለቤቱ መቼ እንደሚመለስ ማወቅ ነው። ስለዚህ የሞከርነው የካርቶን ካርድ ነበር። የምትወጪ ከሆነ የመመለሻ ሰዓትሽን ጽፈሽ ጠረጴዛው ላይ ታቆሚያለሽ። ሰዓቱ ካለፈ ቦታው ለመጣው ነው። ሰዎች የሚከራከሩት በምን ላይ እንደሆነ ካርዱ ቶሎ አሳየን፦ ለምሳ የወጣ ሰው ስንት ደቂቃ ይጠበቅ?

ዲዛይን_ወዳድ
ካርዱ ደስ ይላል፤ ግን መምህሮች ስክሪን ማየት ይፈልጋሉ። ውጤትም አለበት እኮ።

ወረቀትና_እርሳስ
ልክ ነህ፤ ስክሪኑ ይምጣ፣ ግን በተራው። መጀመሪያ በወረቀት ሳሉት። ለአንድ ተማሪ ሥራ ስጡት፣ «ቦታህን ለግማሽ ሰዓት ያዝ» በሉት፣ እያሰበ ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርጉ፣ እናንተ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ እጃችሁ ሊጠቁም ይበላችኋል። የአጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰው ብቻ ብትፈትኑ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው የአጠቃቀም ችግር ይወጣል። አስተካክላችሁ በሌሎች አምስት ሰዎች ድገሙት። ይሄ ግን የአጠቃቀሙን እንከን ነው የሚያወጣው። ነገሩ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው መልሱ ያለው ጥጉ ላይ ተቀምጣችሁ የምታዩት ውስጥ ነው።

አደራ፣ ከአምስቱ አንዱ ዓይኑ የሚደክም ተማሪ ይሁን። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ለሱ የለም ማለት ነው። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም የድምቀት ንጽጽር (ኮንትራስት) ቢያንስ 4.5 ለ1 ይድረስ።

ሦስተኛ_ዓመቷ
እግዜር ይስጥልኝ። ግሩፑን ይዤ ላይብረሪ እገባለሁ። ስናይ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ወረቀትና_እርሳስ
ባዶውን ጠረጴዛና ዕቃውን አንሱ፤ ፊት አታንሱ። ለላይብረሪው ሠራተኞችም ቀድማችሁ ንገሩ። የቱ ቦታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨናነቅ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።